ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ለሚሄደውና ለሚመለሰው ይለያያል። ከቦሌ ተነሥቶ ደለስ የሚባለው የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የሚቆምበት ጊዜ ተጨምሮ፣ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከደለስ ተነሥቶ ቦሌ ለመግባት 13 ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ያውም የትም ሳይቆም። አየር መንገዱ አንድ ነው፤ አውሮፕላኑም ብዙ ጊዜ ያው ራሱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀትም ሲሄዱ አይረዝም፣ ሲመለሱ አያጥርም። ታዲያ አራቱ ሰዓት የት ገባ?

ይህን መንገድ የመረጥኩት ብዙ አንባቢ ስለሚያውቀው ነው። ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ከአገር ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ መብረር ከጀመረበት ከ1998 ወዲህ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ መስመር ስንቱ ለሠርግ፣ ስንቱ ለለቅሶ፣ ስንቱ እናቱን ለመጠየቅ ተመላልሷል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው ሁሉ የሚጓዘው በዚሁ ነው። ግን ተሳፋሪው ሰዓቱን ለመግደል ፊልም ሲመርጥ፣ ያ ሰዓት ከምን ከምን እንደተሠራ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ከርቀቱ እንጀምር። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዓለም ካርታ አውርደን ማስመሪያ ብናሳርፍበት፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደው ቀጥ ያለ መስመር በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ ላይ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይወጣል። እውነተኛው አጭር መንገድ ግን ይህ አይደለም። ማስመሪያውን ትተን የክር ጫፍ በሉል ላይ አዲስ አበባ ላይ ይዘን ሌላውን ጫፍ ዋሽንግተን ላይ ብንወጥረው፣ ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል። የሱዳንን በረሃ፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን ያቋርጣል፤ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ ውቅያኖሱ ውስጥ ይገባል። መሀል አትላንቲክ ላይ 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ አጠገብ ይደርስና፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘቅዝቆ ዋሽንግተን ይገባል። ዋሽንግተን ራሷ ያለችው 39ኛው ኬክሮስ ላይ ስለሆነ፣ ክሩ መድረሻውን ስድስት ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን አልፎት ሄዶ ነው የሚመለሰው። ለዓይን እንግዳ ቢመስልም፣ በማስመሪያው ከተሠመረው መንገድ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ወረቀት ጠፍጣፋ ነው፣ መሬት ክብ ናት፤ ካርታውም ክቧን ለመዘርጋት ሲል ርቀትን ያዛባል። ይህን የክር መንገድ የሙያው ሰዎች ግሬት ሰርክል ይሉታል።

ሒሳቡን መሥራት ለወደደ ብዙም አያስቸግርም። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜንና 39 ዲግሪ ምሥራቅ አጠገብ፣ ዋሽንግተን 39 ዲግሪ ሰሜንና 77 ዲግሪ ምዕራብ አጠገብ ናቸው። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ በመሬት ቅርጽ ላይ ያለውን ቅስት ማስላት ይቻላል፤ ውጤቱ 104 ዲግሪ ያህል ነው። የመሬት ሙሉ ዙሪያ 360 ዲግሪ ስለሆነ፣ መንገዱ ከዓለም ዙሪያ ከሩብ በላይ ነው ማለት ነው። አብራሪዎች ርቀትን በባሕር ማይል የሚለኩበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይገለጣል። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው፤ አንዷ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ናት። 104 በ60 ሲባዛ 6,240 የባሕር ማይል ይወጣል። አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር በመሆኑ፣ በኪሎ ሜትር ሲቀየር 11,550 ገደማ ይሆናል። ዘመናዊ አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ 11,550ን ለ900 ስናካፍል 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ የቀረው ጊዜ እናገኛለን።

ሒሳቡ ከመመለሻው በረራ ጋር ይቀራረባል። ይህ ግን በከፊል የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንድም አውሮፕላን በክሩ ላይ አይሄድም።

ክሩ የሚያልፍበት ሰማይ ባለቤት አለው። እያንዳንዱ አገር ከበላዩ ለሚያልፍ አውሮፕላን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለፈቃዱም ክፍያ ይጠይቃል፤ ሲፈልግም ይዘጋል። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚነሣ አውሮፕላን ሱዳን የመጀመሪያዋ በር ናት፤ በሩ ሲዘጋ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ። የሊቢያም ሰማይ ከ2011 ወዲህ እንደልብ የሚታለፍበት አይደለም። ከኤርትራ ጋር የነበረው ነገርም ይታወሳል፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የኢትዮጵያ አውሮፕላን በዚያ አያልፍም ነበር፣ በ2018 ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ ነው የተከፈተው። ተሳፋሪው መስኮት ዘግቶ ተኝቶ የሚያልፈው ኩርባ ሁሉ የሆነ ጦርነት ወይም የሆነ እርቅ ምልክት ነው።

ከዚህ ሌላ የአትላንቲክ ትራፊክ አለ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኖች እንደፈለጉ አይበሩም፤ በአየርላንድና በስኮትላንድ በኩል ያለው የሻንዊክ መቆጣጠሪያና በካናዳ በኩል ያለው የጋንደር መቆጣጠሪያ በየዕለቱ የነፋሱን ሁኔታ አይተው ትይዩ መንገዶች ያወጣሉ። የዛሬው መንገድ የነገው አይደለም። ደግሞ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊያርፍበት የሚችል ሜዳ በቅርብ እንዲኖር ደንብ ያስገድዳል። ስለዚህ የበረራ ዕቅድ አውጪዎቹ እንደ ጋንደርና በአዞረስ ደሴቶች እንዳለው ላጄስ ያሉ ማረፊያዎችን እያሰሉ ነው መስመር የሚያሰምሩት።

ከክሩ በላይ የሚኬደው ትርፍ ርቀት ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ አለ። በጁን 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛውን ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አስነሥቶ ያለማቋረጥ አዲስ አበባ አሳረፈው። የተመዘገበው ርቀት 12,082 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በአንድ ትንፋሽ ከበረረው ርቀት ሁሉ ይበልጥ ስለነበር የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ቁጥሩ ከክሩ ርቀት በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። ያ በረራ አቅጣጫው ወዴት እንደነበረ ልብ ይባልልኝ፦ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ክብረ ወሰኑ አይገኝም ነበር፤ አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው፣ ሁለተኛው ቦሌ ነው።

ስለ ነፋሱ ብዙ ሰው የሚያምነው አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን አሜሪካ ራሷ እየቀረበችለት ቶሎ መድረስ አለበት ይባላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፣ ወደ ምዕራብ ነው የሚዘገየው። አየሩ ከመሬት ጋር አብሮ ይሽከረከራል፤ አውሮፕላኑም ቦሌ ቆሞ ሳለ እንኳ ከመሬቷ ጋር ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ነው፤ ሲነሣም ያን ፍጥነት ይዞ ነው የሚነሣው። ስለዚህ መሬት ከሥሩ አታመልጥም። የሚያዘገየው ሌላ ነው፤ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ። ከምድር ወገብ የሚነሣው ሞቃት አየር ወደ ዋልታው ሲሄድ የመሬት መሽከርከር ወደ ምሥራቅ ያጥፈዋል። መሽከርከሩ ለነገሩ ባዕድ ያልሆነው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ጄት ስትሪም የሚያይለው በሰሜኑ ክረምት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። በዚያ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ ብርቅ አይደለም። አንዱ ክንዱ አትላንቲክን ያቋርጣል፤ ሌላው በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ይዘረጋል። ሁለቱም በእኛ መንገድ ላይ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ይህን ነፋስ ከኋላው አግኝቶ ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። በተለመደው ቀን ከስድስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው። አውሮፕላኑ በራሱ አልፈጠነም፤ የተሸከመው አየር ነው የሮጠው።

በእኛ መስመር ላይ እንሥራው። በመላው መንገድ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበል። ከዋሽንግተን ሲመጣ ከኋላ ስለሚገፋ 900ው 960 ይሆንና በረራው በ12 ሰዓት ያልቃል። ሲሄድ ከፊት ስለሚጋፋ 840 ይቀራል፤ በረራው 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ከጠፉት አራት ሰዓቶች ነፋሱ ሁለቱን እንኳ ሞልቶ አላስረዳንም። የቀረውን የበላው ቦሌ ነው፤ እኔ ከነገሩ ሁሉ የበለጠ የሚገርመኝም ይኸኛው ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ደለስ ግን መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተርም የሚገፋው የዋጠውን አየር አጋፍቶ በመትፋት ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ክንፉ ያን ያነሰ አየር ለማካካስ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ ደለስ ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ የሚነሣ አውሮፕላን፣ ያንኑ ክብደት ይዞ ቦሌ ላይ 320 አካባቢ ካልደረሰ አይነሣም። ያን ፍጥነት የሚያገኘው ደግሞ በደከመ ሞተር ነው። ስለዚህ መንደርደሪያው ረጅም መሆን አለበት፤ የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው። ጎማውም ቢሆን ሊሽከረከር የሚችልበት የፍጥነት ጣሪያ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመነሣት ላይ ሳለ አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀረው አንድ ሞተር መውጣት መቻል አለበት፤ እዚያው በሰሜን በኩል እንጦጦ ቆሟል።

ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። አየር መንገዱ በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሚነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ 720 የሚባለው ጄት ሲገዛ ልደታ አልበቃውም፤ ለዚያ ሲባል ነው ቦሌ የተሠራው።

እንግዲህ ቁጥሩን እንይ። ቦይንግ 787-8፣ ማለትም ድሪምላይነር የምንለው፣ ከዝቅተኛ ሜዳ ሲነሣ እስከ 228 ቶን ገደማ ሊከብድ ይችላል፤ ታንኩ ቢሞላ 126 ሺህ ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ ይህ ብቻውን መቶ ቶን ገደማ ነው። ለ13 እና ለ14 ሰዓት በረራ ከዚህ አብዛኛው ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ የመጠባበቂያ ነዳጅ አለ። ከዚያ ሰው አለ፤ ሰው ደግሞ በየሻንጣው 23 ኪሎ እያደረሰ የሞላው ዕቃ አለው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከደለስ ይነሣል፤ ከቦሌ አይነሣም። አየር መንገዱ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ወንበር ባዶ ማድረግና ጭነት መተው ነው፤ ሁለተኛው ነዳጁን ቀንሶ መነሣትና መንገድ ላይ መቅዳት። የመጀመሪያው ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ተመረጠ። ትክክል ይመስለኛል። ሦስት መቶ ሰው አንድ ሰዓት ቢጠብቅ ይሻላል፣ መቶው ቲኬት ከሚያጣ።

ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች ማታ መነሣታቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከምዕራብና ከደቡብ አፍሪካ የሚመጡትን ትራንዚት መንገደኞች ለማሰባሰብ ማታው ይመቻል፤ በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የማታ ብርድ አየሩን ጠቅጠቅ ያደርገዋል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፤ ክንፉም ሞተሩም ይህን ይወዳሉ። ጥቂት ዲግሪ ብርድ ብዙ ኪሎ ጭነት ታስነሣለች።

የሚቆምበት ከተማ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ሮም ነበረች፤ በ2015 የሎስ አንጀለስ መስመር ሲከፈት ደብሊን መጣች፤ ወደ ኒውዮርክ አጠገብ ወደ ኒውአርክ የሚሄደው ደግሞ በ2016 በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ጀመረ። ከርቀት አንጻር ሲታይ ምርጫው ያስገርማል። ወደ ዋሽንግተን በሮም በኩል መሄድ በክሩ ላይ የሚጨምረው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በደብሊን በኩል ደግሞ 270 ገደማ። ደብሊን በካርታ ላይ ሲያዩት ከመንገድ የወጣ ይመስላል፤ በሉል ላይ ግን እግረ መንገድ ነው። ሎሜ ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ በወረቀት ላይ በመንገድ ላይ ያለ እየመሰለ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ያስዞራል። በሎሜ የሚኬደው የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ ለመጫን እንጂ መንገድ ለማሳጠር አይደለም። እንግዲህ የአውሮፓው ማረፊያ ሰዓት የሚበላው በርቀት አይደለም። መውረድ፣ ማረፍ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ ሠራተኛ መቀየር፣ ተራ ጠብቆ መነሣት፣ እንደገና እስከ 10 ኪሎ ሜትር መውጣት፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ነፋሱ ከወሰደው ጋር ስንደምረው አራቱ ሰዓት ተገኘ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ከፍታውን በተመለከተ የአዲስ አበባ ሰው የሚኮራበት አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር የሚታመቀው መንገደኛው እንዳይታፈን ነው፤ ሆኖም እስከ ባሕር ጠለል ድረስ አይታመቅም። በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል፤ ይህም የአዲስ አበባ ዓይነት ነው። በድሪምላይነርና በኤርባስ 350 ውስጥ ግን በ1,800 ሜትር ላይ እንዳለው ነው። ስለዚህ በእነዚህ አውሮፕላኖች 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ የሚተነፍስ ሰው ከፒያሳ የተሻለ አየር እየሳበ ነው። ከዋሽንግተን መጥቶ ቦሌ ሲያርፍ ደግሞ አውሮፕላኑ እየወረደ ሳለ በውስጡ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው የዋሽንግተን ልጅ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የቦሌ ከፍታ የሚያመጣውን የክብደት ችግር ለማቅለል የታሰበው በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ትንሽ ቢመስልም በአውሮፕላን ሚዛን ላይ ብዙ ቶን ነው። ሆኖም 1,900 ሜትርም ቢሆን ከፍታ ነው፤ ነፋሱም ቢሾፍቱ ተነሣህ ብሎ አይመርጥም። ማረፊያው ሲያልቅ ከዚህ የሚነሣው አውሮፕላን የበለጠ ጭኖ ይሄዳል፤ ከደለስ ከሚነሣው ጋር ግን እኩል አይሆንም።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜም ራሱ የበረራ ጊዜ ብቻ አይደለም። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተገፍቶ ከሚንቀሳቀስበት ደቂቃ አንሥቶ መድረሻው ላይ ሞተር እስከሚያጠፋበት ነው። መንደርደሪያው ድረስ መንዳቱ፣ ተራ መጠበቁ፣ አርፎ ወደ በሩ መሄዱ ሁሉ በውስጡ አለ። በረጅም መንገድ ይህ አይታወቅም፤ በአጭር መንገድ ግን ሁሉን ያበላሻል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ዓባይ በረሃ ወርዶ ወጥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሰማይ ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ቲኬቱ አንድ ሰዓት ይላል። አውሮፕላኑ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር መብረር የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በተግባር አማካዩ ግማሹ ነው፤ ከመውጣትና ከመውረድ አልፎ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥበት ጊዜ አያገኝማ። ዱባይና ቴል አቪቭ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያላቸው ርቀት እኩል ለማለት ይቻላል፤ አንዱ 2,500፣ ሌላው 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለቱም ጋ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰው ግን ዱባይን ቅርብ፣ ቴል አቪቭን ሩቅ አድርጎ ያስባል። ቅርበት በኪሎ ሜትር አይለካም ይሆናል።

የቀረው የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። በሰሜኑ በጋ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በኖቬምበር ወደኋላ፣ በማርች ወደፊት ስለሚያዞሩ፣ በክረምታቸው ልዩነቱ ስምንት ይሆናል። ለምሳሌ በሰባቱ ወቅት ከቦሌ 22:30 የተነሣ አውሮፕላን ዋሽንግተን 08:30 ቢገባ፣ በሰዓት ላይ የሚታየው አሥር ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰባቱን ሲደምሩ 17 ይሆናል። ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ በማግሥቱ ቦሌ 07:00 ቢገባ ደግሞ የሚታየው ሃያ ነው፤ ሰባቱን ሲቀንሱ 13። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አጭር የመሰለው ረጅም፣ የሚመለስ ረጅም የመሰለው አጭር ነው።

በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ቲኬቱ 07:00 ሲል ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ 22:30 ሲል ማታ አራት ተኩል። ስልክ ላይ «ሰባት ሰዓት ይገባል» የተባለ ዘመድ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አበባ ይዞ ሲደርስ፣ እንግዳው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ይህ በየቤቱ የሚነገር ነው። ቀኑም ያሳስታል፤ ዓርብ ከዋሽንግተን የተነሣ ቅዳሜ ነው የሚገባው።

እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ እንግዲህ የተነሣበትን ቀን ሳይሆን የሚገባበትን ቀን ጠይቁ። ከፈረንጁ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሱ። የበረራ ቁጥሩን ይዛችሁም ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት አየር መንገዱ ያወጣውን የመግቢያ ሰዓት ተመልከቱ፤ በተለይ በጥርና በየካቲት ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ፣ አውሮፕላኑ ከተባለው ሰዓት ሠላሳና አርባ ደቂቃ ቀድሞ ሊገባ ይችላል።